ለወንድሜ ኩላሊት ይዤ ከላሊበላ ዴልሂ

ወንድሜ ይርጋ ዴልሂ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ኩላሊት የምሰጠው እኔ ነኝ። አባታችን መሪጌታ አብረውት ቀድመው ሄደዋል። እኔ ፓስፖርቴ ስለዘገየ ከማስተምርበት ከወገል ጤና ከተማ አልተነቃነቅሁም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻው ምርመራ ካልደረስኩ ቀዶ ጥገናው ወር ይዘገያል፤ ይርጋ ደግሞ ወር የሚቆይበት አቅም የለውም።

ረቡዕ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ሰዓቱን ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፦ ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ፤ ከዚያ ዴልሂ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል። የላሊበላው አውሮፕላን ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔ ግን መንገዴ ላይ ያለውን የዥጣን ገደል ገና አልተሻገርኩም።

ቁልቁለቱ ላይ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። ሹፌሩ ወርዶ አየና ተመለሰ። «ከሰዓት በፊት አይጠረግም» አለ።

ሰዓቴን አየሁ፣ መልሼ አየሁ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ተነሽ! እኔም መንገዴ ጋሸና ነው።»

ጫማችንን አውልቀን፣ ተያይዘን ጭቃው ውስጥ ገባን። መሀል ላይ አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ።

«እኔን ተይኝ፣ ሂጂ!»

አንድ እርምጃ ሄድኩ። አልሆነልኝም፤ ተመልሼ አነሳኋቸው።

ከናዳው ማዶ አንድ ባዶ አይሱዙ ሊመለስ ሲዞር ደረስን። እናትየዋ መስኮቱን ይዘው «ይችን ልጅ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አድርስ፤ ወንድሟ እየሞተ ነው!» አሉት። እሳቸው ጋሸና ወረዱ፤ ሹፌሩ ወደ ላሊበላ ታጠፈ። ቀሚሴ ጭቃ እንደሆነ ስገባ የመሳፈሪያዋ ልጅ «ልንዘጋ ነው፣ ቶሎ በይ!» አለችኝ።

በአየር ላይ

የዴልሂው አውሮፕላን ውስጥ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፊቴ ያለው ስክሪን የቀረውን ኪሎ ሜትር ያሳያል። ቁጥሩ በቀነሰ ቁጥር ስጋቴ ይበረታል፦ ብደርስም፣ ደሜ አይስማማም ቢሉኝስ?

አባቴ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ የዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ መውጫ ላይ ቆመው ነበር። «መጣሽልኝ?» ብለው አቀፉኝ። ምርመራውን አለፍኩ። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ራስጌዬ ቆመው ዳዊት እየደገሙ አገኘኋቸው። «ኩላሊቱ ሠርቷል፣ ልጄ» አሉኝ።

ቤት

ከአራት ወር በኋላ ሦስታችን ላሊበላ ቤታችን ገባን። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር ሰው ካሰበበት የሚደርሰው በሰው መሆኑን ነው፤ እኔን ያደረሱኝን የእናትየዋንና የአይሱዙውን ሹፌር ስም አልጠየቅኩም፣ ይቆጨኛል።

ይርጋ ከታመመ ጀምሮ፣ ኩላሊቱ ውሃ ስለማያስወጣ፣ የሚጠጣው ተለክቶለት ነበር። ቤት ስትጠብቀን የቆየችው እናቴ እንደለመደችው ኩባያው ውስጥ ጠብታ ያህል ቀድታ ሰጠችው።

«ሙዪው እንጂ፣ እማ» አላት።

አባቴን አየቻቸው፤ እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። እስከ አፉ ሞላችለት። ይርጋ ቆሞ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠውና ኩባያውን መልሶ ዘረጋላት።

«ድገሚኝ።»