በእናቲቱ ስም የተያዘ አልጋ

ሆቴል ገብቼ እንግዳ ተቀባዩ ስሜን መዝገብ ላይ እንድጽፍ ብዕር ባቀበለኝ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ልጆቼ ይህን እያዩ አባታችን ሲያረጅ ቆንቋና ሆነ፣ ለአልጋ መክፈል ያመዋል ይላሉ። ይበሉ። የእኔን ነገር ከሚያውቁ ቆንቋና ቢሉኝ ይሻለኛል።

ያኔ ደባርቅ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ጎንደር ከተማ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲዘጋጅ ለእኛ ለቡድን መሪዎች የሚላከው መመሪያ ስለ ሩጫውና ስለ ኳሱ ከሚለው ይልቅ ስለ ማደሪያው የሚለው ይበዛ ነበር። ተወዳዳሪዎች በትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ፍራሽ ላይ ያድራሉ። አብረው የሚመጡ ወላጆች ግን አዘጋጁ በመደበው አንድ ሆቴል እንጂ ዘመድ ቤት ማደር አይፈቀድላቸውም። ስማቸው ከሁለት ሳምንት በፊት በሦስት ቅጂ ይላካል። ከቀበሌያቸው ወይም ከገበሬ ማኅበራቸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘው መምጣት አለባቸው፤ ወረቀቱ ከዘገየ ቡድን መሪው ፈርሞ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ ሰው አልጋ አያገኝም፣ አውቶቡስም አይሳፈርም። ጊዜው ሰው ከቤቱ ወጣ ሲል የት፣ ለምን፣ ማን ዘንድ የሚባልበት ስለነበር ማናችንም አልገረመንም።

አንድ ሌላ ደንብም ነበር። ሴት ተወዳዳሪ ያለ እናቷ ወይም ያለ ቅርብ ዘመዷ አትመጣም። ይህን ያመጡት የልጆቹ አባቶች ናቸው። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃቸውን ለአምስት ቀን ለአንድ ጎረምሳ መምህር አስረክበው ቤታቸው ሊተኙ አልፈለጉም። አልፈርድባቸውም። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ለእኔ አልሰጥም ነበር።

ከተማሪዎቼ መካከል ከደባርቅ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ከሚርቅ መንደር የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ስትሮጥ የሚጠጋት አልነበረም፤ በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዕድሜዬም እሷን የመሰለ ሯጭ አልገጠመኝም። አባቷን አስጠርቼ እናቷ አብራት መሄድ እንዳለባትና ሆቴል እንደምታድር ነገርኩት። ያን ጊዜ ለገጠር ሰው ሆቴል ማለት ጠጅና ቢራ የሚቀዳበት፣ ሴቶች ተኳኩለው በር ላይ የሚቀመጡበት ቤት ማለት ነው።

“ምነው መምህር፣ ሚስቴን ቡና ቤት አሳድራት ነው የሚሉኝ?” አለኝ።

አልተቆጣም፤ እንዲያውም ለእኔ ያፈረልኝ ይመስል ነበር። ዱላውን አንሥቶ ሄደ።

ስሞቹን ለመላክ አራት ቀን ቀርቶኝ ነበር። አብራት የምትሄድ ሌላ ዘመድ ስለሌለ፣ የእናት ስም ካልተጻፈ የልጅቱ ስም ይሰረዛል። ውድድሩ በሚደረግበት ሳምንት ደግሞ የባለቤቴ እናት ዓይኗን ለመታየት ጎንደር ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር ተጣልታ የጉዞ ወረቀቱን ከልክሏታል። ካገባሁ ገና ሰባት ወር መሆኑ ነው። አማቴ ጧት ማታ እየመጣች ዓይኔ ጠፋ ትለኛለች፤ ሚስቴ እራቴን አቅርባ ዝም ትላለች። ከእናትየው ንግግር የልጇ ዝምታ ይብስብኝ ነበር።

እናም ጻፍኩት። የልጅቱን እናት ስም በሦስቱም ቅጂ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አስቀመጥኩና ወረቀቷ ዘግይቷል ብዬ ከጎኑ ፈረምኩ። በዚያ ስም የምትሄደው አማቴ ናት። አባትየውን ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቼ እናትየው መምጣቷ እንደቀረ፣ ልጅቱን የምትጠብቅ ትልቅ ሴት እንደተገኘች፣ እሷም የራሴ አማት እንደሆነች ነገርኩት። ደስ አለውና ተስማማ። አማቴ በማን ስም እንደምትሄድ አልነገርኩትም። ለራሴ ግን ልጅቱ እንዳትቀር ብዬ ነው አልኩ። ግማሹ እውነት ነበር፤ በዚያች ግማሽ ብዙ ዓመት ስጽናና ኖሬያለሁ።

ጎንደር ስንገባ አማቴ ሰባት ቁጥር ክፍል ደረሳት። ፍራሹ ሰውነቴን ዋጠው ብላ አማረረች። እንግዳ ተቀባዩ በተሰጣት ስም ሲጠራት አልሰማ እያለች ሁለት ጊዜ አሳፈረችኝ፤ ቆይታም ይህን የገጠር ስም ከየት አመጣህልኝ ብላ ተነጫነጨች። እኔ ሳቅኩ። ያን ጊዜ ነገሩ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።

ሩጫው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ሆቴሉ መግቢያ ካለው ጠረጴዛ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ የልጅቱ እናት ገባች።

በእህል ጭነት ማኪና ነው የመጣችው። ቀሚሷና ነጠላዋ ታጥቦ ነጥቷል፤ እግሯ ላይ አዲስ ኮንጎ ጫማ አለ። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈታ እንግዳ ተቀባዩ ፊት ዘረጋችው። ማኅተሙን ለማግኘት ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ እንደተመላለሰች ነገረችው። መጀመሪያ ባሏን እሺ አሰኝታለች፤ ቀጥላ የነፍስ አባቷን ሆቴል ባድር ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ብላ ጠይቃለች። እሳቸውም ከመተኛትሽ በፊት ክፍሉን እርጪው ብለው አንድ ጠርሙስ ጠበል ሰጥተዋታል። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ያን ሁሉ ያደረገችው ልጇ ስትሮጥ ለማየት ነው።

እንግዳ ተቀባዩ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየ። እኚህ ሴት ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፣ ሰባት ቁጥር ናቸው፣ ዛሬም ቁርሳቸውን በልተዋል አላት። የቀለደባት መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እዚያው ቆይ አላትና ወደ እኔ መጣ። እሷ ከዝርዝሩ አንዱ ቅጂ በተለጠፈበት ግድግዳ አጠገብ ቆማ ቀረች።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ በሰው ስም አልጋ የሚጠይቅ ከመጣ ለአብዮት ጥበቃ ማስታወቅ ግዴታው እንደሆነ አንሾካሾከልኝ።

“ያውቋቸዋል?” አለኝ።

እንደዚያ ቀላል ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። አዎ፣ እውነተኛዋ እሷ ናት፣ ሰባት ቁጥር ያለችው አማቴ ናት ማለት ብቻ ነው። ግን በሐሰት ፈርሜያለሁ፤ በዚያ ዘመን በሐሰት የፈረመ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ አለማወቁ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። አውቃቸዋለሁ፣ የስም መመሳሰል ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩት። ጠርሙሱን እንደያዘች ክንዷን ደግፌ አስወጣኋት።

ከአጥሩ በር ውጭ አቁሜ ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

“እናቴ፣ ስምዎ ሳይገባ ቀርቷል። ደግሞም ይህ ቤት ለእርስዎ አይሆንም፤ ጠጪ ይበዛበታል። ባለቤትዎ እንዳሉት ነው።”

ቤቱ ውስጥ ጠጪ አልነበረም። ጧት ያየኋቸው የቡድናችን አራት እናቶች ናቸው፤ ተሰብስበው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሴትዮዋ በስንት ልመና ያሸነፈችውን ፍርሃት መልሼ በገዛ እጄ ጫንኩባት። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ዝም ብላ አየችኝ። ልትከራከር ነው ብዬ እንግዳ ተቀባዩ ይሰማ እንደሆነ ዞሬ አየሁ። ከዚያ፣

“አንቱ ካሉ ሸጋ ነው፣ መምህር። ልጄን ግን እስቲ ልያት?” አለች።

ይህንንም ከለከልኳት። ልምምድ ላይ ናት፣ ሐሳቧ ይበተናል፣ ነገ ሜዳው ላይ ያይዋታል አልኩ። የፈራሁት የልጅቱን ሐሳብ መበተን አልነበረም፤ ሁለቱ ተገናኝተው ነገሩን እንዳይገጣጥሙት ነው። ለልጇ የያዘችውን የበሶና የቆሎ ቋጠሮ አቀበለችኝ። ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አብሬያት እንኳ አልሄድኩም፤ በጣቴ አሳየኋት። እግዜር ያክብርልኝ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ሩጫው ላይ ከገመዱ ማዶ ቆማ አየኋት። ነጠላዋ ጭምድድ ብሏል፤ አንድ ጎኑ አፈር ነክቶታል። ደጀ ሰላም ተጠግታ እንዳደረች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጅቱ በሁለተኛው ዙር እናቷን ስታያት እግሯ ሲፈጥን ታወቀ። ሁለተኛ ወጣች። ሁልጊዜ ስትጨርስ ሰዓቷን ለመስማት ወደ እኔ ነበር የምትሮጠው። ያን ቀን ግን ከገመዱ ሥር ሾልካ እናቷ ዘንድ ሄደች። ቆመው ብዙ አወሩ። እኔ ፊሽካዬን እንደነከስኩ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ቀና ስል እናትየው የለችም። በአውቶቡሳችን መመለስ ስለማትችል ጭነት ማኪና ፍለጋ ሄዳለች።

እኛ የተመለስነው በነጋታው ነው። ወለቃን አልፈን ኮሶዬ ስንደርስ ሹፌሩ ለምሳ አቆመ። ጉም ነበር፣ ይበርዳል። ሌሎቹ ወደ ምግብ ቤቱ ሲገቡ እኔ መብላት አስጠልቶኝ ከአውቶቡሱ ጎማ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጅቱ ብቻዋን ወደ እኔ መጣች።

“ጋሼ፣ እናቴ ማንበብ ትችላለች” አለችኝ።

ምን ልትል እንደፈለገች ስላልገባኝ ጎበዝ ናቸው አልኩ።

“በመሠረተ ትምህርት ሁለት ዙር ተምራለች። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ስሟን አንብባዋለች። ከጎኑ ሰባት ቁጥር ይላል አለችኝ። አማትዎ፣ እማማ፣ ያደሩት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰባት ቁጥር አልኳት።”

የምገባበት ጠፋኝ። ከአጥሩ በር ውጭ ዝም ብላ ያየችኝ፣ አንቱ ካሉ ሸጋ ነው ያለችኝ፣ ያመሰገነችኝ፣ መዋሸቴን እያወቀች ነው። ከሁሉ የከበደኝ ምስጋናው ነው።

“ታዲያ ምነው ዝም አሉ?” አልኳት።

“መምህርሽን ሰው ፊት አላዋርድም፣ ነገም የሚያስተምሩሽ እሳቸው ናቸው አለች። እንዳትነግሪያቸው ብላኛለች።”

“አንቺስ ለምን ነገርሽኝ?”

“እኔ እንደ እሷ አልችልም” አለችና ጥላኝ ወደ አውቶቡሱ ወጣች።

ይቅርታ ልላት ተከትያት መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ሁሉም በልተው ሲመለሱ አብሬ ገብቼ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ከአማቴ ጎን መስኮቱን ይዛ ነበር፤ አማቴ ጋቢዋን ተከናንባ ገና ሳንነሣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከኮሶዬ አለፍ ብለን ኬላ ላይ አስቆሙን። ስንሄድ ራስ ቆጥረው ነበር ያሳለፉን። ያን ቀን የነበረው ወታደር ግን ዝርዝሩን ተቀብሎ አገላበጠና አንተው በየስማቸው ጥራ፣ አቤት ይበሉ አለኝ። ተነሥቼ መጥራት ጀመርኩ። አራቱ እናቶች በየተራ አቤት አሉ። ቀጥሎ የእሷ ስም ነው። ጠራሁት። የመለሰ የለም። ደግሜ ጠራሁት። አማቴ ታንኮራፋለች። አራቱ እናቶች ወደ መሬት አዩ። ወታደሩ ከበሩ ገባ ብሎ የት አለች አለ።

አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ልጅቱ ቀደመችኝ። እጇን አማቴ ትከሻ ላይ አድርጋ ወታደሩን ቀና ብላ አየችው።

“እናቴ ናት። ዓይኗን ስላመማት ተኝታ ነው” አለች።

ወታደሩ ስሙ ላይ ምልክት አደረገና ዝርዝሩን መለሰልኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ልጅቱ እጇን ከአማቴ ትከሻ ላይ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው።