የተቃጠለ ቺንጋ ሽታ

ልጄ ትርሲት መሐል ሜዳ ከተማ በምትሠራበት ግቢ ሣሩን በትንሿ ትራክተር ታጭዳለች። ዛሬ ምሳዋን ይዤላት ስደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ሞላሌ ወደነበረው የአባቴ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ።

ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር አያይዞ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲላላ እንዲህ ይሸት ነበር። አባቴ ሞተሩን አጥፍተው ማጥበቁን ትተው፣ እየዞረ ጧፍ ያሹት ነበር፤ ሰሙ እንዲይዘው ብለው።

«ኧረ ያጥፉት፣ አንቱ ሰው!» ትላለች እናቴ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ገብሱን ይዞ ቆሞ? አንዴ ከጠፋ ማን ያስነሳዋል?»

አንድ ቀን ቺንጋው የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘና ከላያቸው ገፈፈው። አባቴ አመድ መስለው ወጡ።

«ጋቢዬ በእኔ ፈንታ ሄደ» አሉ።

እኔ ጋቢው ወዴት እንደሄደ ልይ ብዬ ወደ ውስጥ ስሮጥ፣ እናቴ ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ከሐሳቤ ነቅቼ ቀና ስል ትርሲት ሞተሩ እየዞረ ማጨጃው ሥር አጎንብሳለች፤ የነጠላዋ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«አጥፊው!»

«እማዬ ደግሞ! ቺንጋው ላልቶ ነው፣ መወጠሪያውን ልየው። ካጠፋሁት ባትሪው አያስነሳውም።»

የማሽን ነገር አላውቅም። ቁልፉን ግን ነቅዬ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ትራክተሩ ጸጥ አለ።

«በቃ፣ አይነሳም!» ብላ ጮኸችብኝ።

«አይነሳ» አልኳት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየዳበስኩ።