ተርጓሚው የጨመረልን እጅ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ የትርጉም ፊልም ያይ ነበር። እንግሊዝኛው ከሥር ይንሾካሾካል፤ ከላዩ አንድ ጎርናና ድምፅ በአማርኛ ይተርካል። ወጣቱን «የሚልህን ታምነዋለህ?» ልለው ፈልጌ ተውኩት።

የዛሬን አያድርገውና፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ የተመልካቹ ራስ ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ይጥላል። ቤቱ የረጠበ ጃኬትና የቆሎ ሽታ ነበረው። እሑድ እሑድ ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ይገባል። ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱ ስላለ ግን ማንም ምንም አይለኝም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ የሚተረጉመው የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ፣ ቤታችን እንደ ልጅ ገብቶ የሚበላ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ አንድ ክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ማሽን ቀኝ እጁን ከአንጓው በላይ ወሰደበት። ከዚያ ወዲያ ክንዱን ጋቢ ውስጥ ደብቆ ዝም ብሎ መቀመጥ ሆነ ሥራው። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስህ ተርፋለች» ትለዋለች።

ከወራት በኋላ ጓደኛው እየጎተተ ወደ ቪዲዮ ቤቱ መለሰው። የዚያን ቀን የታየው ፊልም እጁን ያጣ ጀግና ነበረበት። ነጭ የለበሱ ሰዎች የብረት እጅ ገጠሙለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ከዚያ ሊወድቅ ያለ ድልድይ ደግፎ ያዘ። ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። ተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐኪሙ ምን አለ መሰላችሁ፤ ይህ ተረት አይደለም፣ እጁን ሠርተን ጨርሰናል፣ ማሽን ለጎዳቸው ሠራተኞች በነፃ ወደ አፍሪካ ሆስፒታሎች እየላክን ነው አለ» አለን።

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ክንዱ ከጋቢው ወጥቶ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆስፒታል እንሂድ እያልኩ ነዘነዝኩት። ግራ እጁን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አወጣሁና፣ ለቀኙ እንዲሆን መስኮት ላይ ለጥፌ በጀርባው ገለበጥኩት። ጣት በጣት በማስመሪያ ለካሁ። ተርጓሚውንም ለብቻው አግኝቼ ጠየቅሁት።

«ወላሂ፣ እንዳልኩሽ ነው» አለኝ።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ያወራው ወንድሜ ነበር፤ እጁ ሲገጠምለት መጀመሪያ የእናታችንን በር እንደሚጠግን፣ ከዚያ ወደ ሥራው እንደሚመለስ። ከአደጋው ወዲህ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አሁንም ያን መንገድ በሄድኩ ቁጥር ወሬው ይመጣብኛል።

ሐኪሙ ሽበታም ሰው ነበሩ። ፊልሙን ከነድልድዩ፣ እጁም በነፃ እንደሚላክ ነገርኳቸው። ወረቀቴን ተቀብለው ብዙ አዩት። አልሳቁም።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ሠራሽ እጅ አለ፤ ዕቃ ደገፍ ለማድረግ ይረዳል። ፊልም ላይ ያየሽው ግን የለም። ቢኖር እንኳ ድልድዩን የሚሸከመው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ የተገጠመበት ትከሻ ነው። የሰው አጥንት ያን አይችልም፤ ተገንጥሎ ይቀራል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው፣ «ይላካል ብሎ ማን ነገራችሁ?» አሉት።

«ፊልም ላይ ነው ያየነው፣ ዶክተር» አለ ወንድሜ። የጓደኛውን ስም አልጠራም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ተርጓሚው ዘንድ ሄድኩ። ቪዲዮ ቤቱ ባዶ ነበር፤ አፈሩን ውሃ እየረጨ ይጠርጋል።

«የፊልሙ ሐኪም እውነት እንዲያ ብሏል?» አልኩት።

መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። «እኔ እንግሊዝኛ ከየት አመጣሁ? ምስሉን እያየሁ ነው የምናገረው» አለኝ።

«ወላሂ ብለህ ማልክልኝ እኮ።»

«ወንድምሽ ክንዱን ከጋቢው ሲያወጣ አላየሽም? ያንን አይቼ ቃሌን ማጠፍ አቃተኝ።»

«አላህ ይይልህ» ብዬው ወጣሁ። እያለቀስኩ ቤት ደረስኩ።

ወንድሜ ይቆጣል ብዬ ነበር ሮጬ የነገርኩት። እሱ በግራ እጁ የጫማውን ክር ለማሰር እየታገለ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እንግሊዝኛ ፈተና ሁልጊዜ ከእኔ ነበር የሚኮርጀው።»

«እያወቅክ ለምን ሄድክ?»

«ምናልባት ብዬ።»

ምን ልበላችሁ፣ ከተርጓሚው ውሸት ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። ከሦስታችን ሙሉ በሙሉ ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለቱም ያን እያዩ ዝም ብለውኛል። ክሩን ላስርለት ጎንበስ ማለት ሲገባኝ ጥዬው ወደ ውጭ ወጣሁ።

ወንድሜ ቆይቶ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነ፤ በግራው መጻፍም ለመደ። ሲያገባ ተርጓሚው ለሠርጉ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የትኛውን እጁን እንደሚዘረጋ ቸገረው። ወንድሜ በግራ ክንዱ አንገቱን አቅፎ ሳመው። እኔ ሰላም እንዳልለው ጓዳ ገባሁና ታጥቦ ያለቀውን ትሪ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። ሳቃቸው እስከ ጓዳው ይሰማል፤ የድሮው ሳቃቸው ነበር። አንዳቸው ይጠራኛል ብዬ ብዙ ጠበቅሁ።