አማቴ የቆጠሩት ዘር

ትልቋ ልጄ አሁን ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ሳታርፍ ሮጣ ትወጣለች። እኔ ትንሹን አዝዬ ከኋላዋ እያለከለክሁ "ኧረ ቀስ በይ!" ስላት፣ "አንቺ ነሽ የደከምሽው" ትለኛለች። አፏ እንደ እኔ ነው። ደስ ይለኛል። በአራት ዓመቷ የደም ካንሰር ይዟት፣ እንኳን ዳገት የደጃችንን ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር።

እሷ ታክማ ዳነች፤ እኔን ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ልጅቷ እንደታመመች ሊጠይቁን የመጡት የባለቤቴ አክስት፣ ከወንድማቸው ከአማቴ አጠገብ ተቀምጠው ያቀረብኩላቸውን ሻይ እየጠጡ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አያውቅም" ብለው ነበር። በእነሱ ከሌለ እንግዲህ የማን ሊሆን ነው? በትንሹም በትልቁም ቱግ የምል ሴት ያን ቀን ሻዩን ደግሜ ቀዳሁላቸው። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል። ሁለተኛውን ሳረግዝ ደግሞ ባሰብኝ፤ ይሄኛውም በእኔ የተነሳ ይታመም ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ልጄን ያከመቻትን ሐኪም ልጠይቅ ቀጠሮ ያዝኩ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረበት አባቱ "አብሬሽ እሄዳለሁ" አሉ። አማቴ ካራ አካባቢ ሲያርሱ የኖሩ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ታክሲ ውስጥ ግን ከንፈራቸው አላረፈም። ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ በኦሮምኛ የአባቶቻቸውን ስም ይቆጥራሉ፤ ለጋብቻ ዝምድና ሲጣራ እንደሚቆጠረው፣ እስከ ሰባት ቤት። ደሜ ፈላ። ዘራቸው ንጹሕ መሆኑን ሊያስመሰክሩ ነው ብዬ፣ ሾላ ገበያ አልፈን እስክንወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን። ጎመንና ምስር ውስጥ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለ። ሰውነታችን እሱን የሚጠቀምበት መንገድ ከወላጅ በምንወርሰው ነገር የተነሳ ከሰው ሰው ይለያያል። ይህ ልዩነት ከልጆች የደም ካንሰር ጋር ይገናኝ እንደሆነ አጥኚዎች ይመረምራሉ፤ ነገሩ ገና አልለየለትም። ልዩነቱ ያለባቸው ብዙዎች ደግሞ በዚህ በሽታ ሳይታመሙ ያረጃሉ።

"ስለዚህ በእናቷ መጣ፣ በአባቷ መጣ አይባልም" አለች። ለእርግዝናው የታዘዘልኝን የዚሁ ቫይታሚን ክኒን፣ ፎሊክ አሲድን፣ እንዳላቋርጥም ነገረችኝ።

ትከሻዬ ቀለል አለኝ። ልነሳ ስል አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዶክተር፣ የአያቴ ታናሽ ወንድም አንዲት ልጅ ነበረችው። ገርጥታ ገርጥታ፣ አፍንጫዋ እየደማ ሞተች። ቡዳ በላት ተባለና ተቀበረች። ከቤት ስነሳ ጀምሮ ዘሬን እየቆጠርኩ ስፈልግ እሷን አገኘሁ። ከእኔ ወገን የመጣ ነው ብለው ይጻፉልኝ።"

ለካ ታክሲው ውስጥ ሲፈልጉ የነበረው ሕመምተኛ ነው! ስቄ ይሁን አልቅሼ ሳላውቅ ለመሀረብ ቦርሳዬን እበረብር ጀመር።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "አባባ፣ በዚህ ብቻ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።"

"እንግዲያው አይጻፍ፤ እሷ ከሰማች ይበቃኛል" አሉ አማቴ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።