ራቴ አንቺ ጋ ነው

ቡታጅራ መናኸሪያ፣ ወደ ቡኢ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሲጨምርብን፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ፌስታሏን ከፍታ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አወጣች። ያ ኮምጠጥ ያለ፣ የደረቀ ቅጠል ሽታ የተቀላቀለበት ጠረን አፍንጫዬን እንደነካው የእናቴ ያበጠ ጉልበት ታየኝ።

ጨቅላ ሳለሁ ኩፍኝ ሊወስደኝ ደርሶ ነበር አሉ። እናቴ «ልጄን ያትርፉልኝ እንጂ፣ ይዣት በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ለአቦ ተሳለች። እግሬ ጠንቶ መንገዱን እስክችል ጠበቀችና፣ የመጋቢት አቦ ሲቃረብ ከሰፈራችን ተጓዦች ጋር ወደ አቦ ገዳም ወጣን። ስለቱ በእግር ነው፤ በቅሎ የለ፣ መኪና የለ። እኔ ደግሞ በልጅ አእምሮዬ፣ እናቴ መንገድ ላይ ከቀረች አቦ መልሰው ይወስዱኛል ብዬ ስላመንኩ፣ ባነጠሰኝ ቁጥር የማየው የእሷን እግር ነበር።

ተጓዦቻችን አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ማንም የራሱን ስንቅ አይዝም። መሪያችን ጋሽ ክፍሌ ቋጠሮውን ሁሉ ሰብስበው ያለዋውጡታል፤ ምግብህ ሌላው ጀርባ ላይ ስለሆነ ቀድመህ ብትሮጥ ጦምህን ታድራለህ። ያን ዓመት ታዲያ የእናቴን ለእትዬ ዘነበች፣ የእትዬ ዘነበችን ለእናቴ አሸከሙ። ጉድ ፈላ! እትዬ ዘነበች የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ፍየላቸው የእንሰት ችግኛችንን ከበላች ወዲህ ከእናቴ ጋር እሳት እንኳ አይጫጫሩም። ጋሽ ክፍሌ ምንም እንደማያውቅ ሰው ጺማቸውን ያሻሉ፤ ተንኮለኛ ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።

ሁለቱ ሴቶች መንገዱን ሁሉ ሳይነጋገሩ ተጓዙ። በሁለተኛው ቀን ወንዝ ዳር አረፍ ብለን እህል ሲቀመስ እንኳ ቋጠሮ ተቀባብለው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው በሉና መልሰው ተለዋወጡ።

ከዚያ የመጨረሻው አቀበት መጣ። ገዳሙ ከላይ ይታያል፣ እልልታው ይሰማል፤ የእናቴ ጉልበት ግን አብጦ ዳቦ አክሏል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና «እናንተ ቅደሙ» አለች። አንድ መንገደኛ አዝኖ በቅሎውን አቀረበላት። እምቢ አለች፤ ግን በቅሎዋን ትክ ብላ አየቻት። አበቃልኝ ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ከፊት የነበሩት እትዬ ዘነበች ያን ሁሉ አቀበት እያጉረመረሙ ተመልሰው ወረዱ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ራቴ አንቺ ጋ ነው» አሏት ፊታቸውን አዙረው።

«ታዲያ ውሰጂዋ!» አለች እናቴ።

«ደንብ አይደል? ራስሽ ታደርሺዋለሽ። ተነሽ!»

ክንዷን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይጎትቷት ጀመር። እናቴ «ቀስ በይ፣ አንቺ ሴትዮ!» ስትል፣ እሳቸው «ፍየሌ እንኳ ካንቺ ትፈጥናለች» አሏት። የፍየሏ ስም ሲነሳ እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እንዲህ እየተሰዳደቡና እየሳቁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገዳሙ በር ደረሱ። እናቴ በሁለት እግሯ ቆማ ደጃፉን ስትሳለም እፎይ ያልኩትን ያህል፣ ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልጄም እፎይ አላልኩም።

ዛፍ ጥላ ስር አረፍ እንዳልን፣ እናቴ የተሸከመችውን የእትዬ ዘነበችን ቋጠሮ እኔ ፈታሁት። ባዶ የእንሰት ቅጠል ብቻ! ቆጯቸውን ወንዙ ዳር ጨርሰውት ኖሯል።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት እናቴን።

«ተሸክሜው የለ!» አለችና፣ ከራሷ ስንቅ የተረፈችውን ቆጮ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለእትዬ ዘነበች ሰጠች።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። እኔ አለሁ፤ አቦም አልወሰዱኝም። ለአቦ ክብረ በዓል እንደ ዛሬው በመኪና እሄዳለሁ፣ ጉልበቴን አያመኝም፣ ምሳዬም በገዛ ቦርሳዬ ነው፤ ወደ ኋላ ብቀር ግን ተመልሶ የሚወርድልኝ ሰው የለም። ቡኢ ስንደርስ ያቺ ሴትዮ ፌስታሏን አንጠልጥላ ቀድማኝ ወረደች። «ስንቅሽን እኔ ልያዝልሽ፣ የእኔን ያዢልኝ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሌባ እንዳልመስላት ፈርቼ ዋጥኩት።