የጋሼ ወልዴ የጾም አካፋ

«እሳት ማንደዳቸውን ተይው፤ ‹የመርከብ ኢንጂነር ነበሩ› ብለሽ እለፊ። ሰው ፊት አታዋርጃቸው።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ፣ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ የቀብሩ አስተባባሪ ናቸው። ጋሼ ወልዴ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በድንገት አረፉ። አብሬያቸው ስለሠራሁ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ተመርጬ ነበር። አልቀይርም ብዬ ድርቅ አልኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ቀብሩ ላይ እንደፈለጉ አድርገው ራሳቸው አነበቡት። «ታላቁ ኢንጂነር» አሉ።

እንግዲያው ለምታውቋቸው ሁሉ እኔ ልናገር። ጋሼ ወልዴ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ተሠርታ ዛሬም ቴምዝ ላይ ሰው በምታንሸራሽር የእንፋሎት መርከብ፣ እሳት አንዳጅ ነበሩ። ከሰል በአካፋ እየዛቁ፣ ውኃው የሚፈላበትን ቦይለር ያበሉ ነበር። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ልጆቻችሁን ይዛችሁ ላይ ፎቶ ስትነሱ፣ ታች ላባቸው ይንጠባጠብ የነበረው እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ለምትሄድ መርከብ እሳቱን ዓርብ ይጀምሩታል፤ ቀዝቃዛ ብረት በአንዴ ከጋለ ይሰነጠቃል። እኔ ቸኩዬ ከሰል ስከምር «ልጄ፣ አሮጊት ናት፤ ቀስ ብለሽ ቀስቅሻት» ይሉኝ ነበር። ትምህርት ጨርሼ አፕላይ ያደረግኩበት ሁሉ እምቢ ሲለኝ፣ ካፒቴኑን ለምነው ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው።

አካፋቸው ሁለት ነበር፤ አንዱ ለከሰል፣ ሌላው እሳቱ አፍ ላይ ለጾም ድንች መጥበሻ። አንድ ዓርብ ካፒቴኑ ሳያውቅ በጾሙ አካፋ እንቁላል ጠበሰበት። ቁጣ ስንጠብቅ፣ ጋሼ አካፋውን እሳት ውስጥ ከተው አጋሉና «በቃ፣ ንስሐ ገብቷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ዓርብ ዓርብ ድንች ይዞ ይመጣ ነበር።

ይኸው ካፒቴን ቀብሩ ላይ ምን እንደተነበበ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት።

«ይሄ ስለ ማን ነው?» አለኝ።

ዛሬ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ለቅሶ ቤት ጠሩኝ። ጋሼ ሊያጥቡት ቤት ይዘውት የመጡትን የጾም አካፋ፣ በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። አስተባባሪው በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ጋሼ፣ ያን ታላቅ ኢንጂነር አላውቀውም። እኔ የምሰናበተው እርስዎን ነው፣ እሳት አንዳጁን። ነገ ዓርብ ነው፤ አሮጊቷን ቀስ ብዬ እቀሰቅሳታለሁ። እርስዎ እጅዎን ያሳርፉ። አካፋዎን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ በአስተባባሪው አጠገብ አልፌ ወጣሁ።