ከስፔኪዮው ላይ የወረደው ቁልፍ

ደጀኔ ማንቆርቆሪያውን ከከሰል ምድጃው ላይ አነሳ። ጣቱን ነከር አድርጎ ሙቀቱን ሞከረና ጎንበስ ብሎ በዓብዱልፈታሕ እጆች ላይ ያፈስለት ጀመር። በኅዳር የሮቤ የቧንቧ ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ዓብዱልፈታሕ የእጁን ዘይት በናፍጣ አስለቅቆ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ነው። ደጀኔ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ሰው ነው፤ የአዛኑ ሰዓት ሲቃረብ ግን ማንም ሳያዘው ለባልንጀራው ውሃ ይጥዳል።

«ቀስ አድርገው እንጂ! ካምቢዮ መሰልኩህ እንዴ?»

«ለካምቢዮማ እንዲህ አልንበረከክም። ይልቅ እግርህን አምጣ።»

ዘይት ልትቀይር በገባች ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠ አንድ ተሳፋሪ ከመጽሐፉ ቀና ሲል ዓይኑ በሁለቱ ላይ አረፈ። ደስ አለው። ተመስገን ብሎ ወደ ንባቡ ተመለሰ።

ጋራዡ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ሐጂ ዱጉማ ሲሆኑ፣ የዘይት ቅየራውን ክፍል የምታስተዳድረው ጁሀራ ናት፤ ደጀኔና ዓብዱልፈታሕ በእሷ ሥር ይሠራሉ። ባሏ በሕይወት ሳለ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ መኪና ሥር ቆሞ ዘይት ሲያወርድ፣ እሷ በሩ ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። እሱ ሲሞት ሐጂ «ሻይሽን ተይውና ጉድጓዱን ያዢ» አሏት። ሰው ሳቀ። የሲናና ገበሬዎች ትራክተር ይዘው ሲመጡ «ወንዱ የታለ?» ይሏት ነበር። አሁን እሷን ካጡ ትራክተራቸውን አዙረው የሚመለሱ አሉ።

ጁሀራ አንድ ሕግ አላት። የሞተር ዘይት የሚፈስበት ቡሎን ከተፈታ ጀምሮ፣ የሚፈታበት ቁልፍ በመኪናው ስፔኪዮ ላይ ይንጠለጠላል። አዲሱ ዘይት ተሞልቶ ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ቁልፉን በእጇ ይሰጣታል። ቁልፉ እጇ ካልገባ ሹፌር ሞተር አያስነሳም። ሕጉን ያወጣችው ባለፈው መከር ነው። አንድ አይሱዙ ቡሎኑ ሳይጠብቅ ወጥቶ፣ ስንዴ እንደተጫነ ዘይቱን ጨርሶ ሞተሩ ነክሶ መሽከርከር አቆመ። ሐጂ ያን ጊዜ ደጀኔንና ዓብዱልፈታሕን ፊታቸው አቁመው «ሁለተኛ ከተደገመ ሁለታችሁም ደጄን አትረግጡም» ብለዋል። ሐጂ የተናገሩትን አያጥፉም።

ያን ቀን የሚኒባሷ ሹፌር ማሜ የደሎ መና ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ነበር ጉድጓዱ ላይ የቆመው። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል።

«ጁሀራ፣ ጉሙ ሳይወርድ ሳነቴን ማለፍ አለብኝ! እናንተ እኮ ዘይት ቀየርን ብላችሁ ሰው ታስረጃላችሁ።»

«አንተ ተሳፋሪ ጭነህ ና ያለህ ማነው?»

ዓብዱልፈታሕ ለሶላት ወጥቷል፤ ደጀኔም ማንቆርቆሪያውን ሊያስቀምጥ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጁሀራ ወደ ስፔኪዮው ተመለከተች፤ ቁልፉ የለም። በጉድጓዱ ጠርዝ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። አጥብቀው ሲያበቁ ለእሷ ያኖሩላት መሰላት። አንስታ በጨርቅ ጠረገችውና ኪሷ ከተተችው። ከዚያም ለማሜ በእጇ ሂድ አለችው።

ሚኒባሷ ከዓይን ከራቀች በኋላ ዓብዱልፈታሕ ከሶላት ተመለሰ።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ የማሜን ላጥብቀው።»

ጁሀራ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ቀረች።

«ማሜ ሄዷል።»

«እንዴት ሄዷል? ቡሎኑ እኮ በጣት ብቻ ነው የገባው! ደጀኔ፣ አላጠበቅከውም?»

ደጀኔ ወደ ምድጃው ዞሮ አየ። «ላጠብቀው ብዬ ቁልፉን አውርጄ ነበር። አንተ መጣህ፣ ውሃውም ደረሰ... አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ... ረሳሁት። እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራዬን ጨርሼ ነበር መውጣት የነበረብኝ።»

«ጥፋቱን ማታ ትካፈላላችሁ!» ጁሀራ ጮኸች። «በሰላሙ ቀን በሥራ ስትከራከሩ ትውላላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ በጥፋት ትሻማላችሁ?»

ለማሜ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው።

ሳነቴ ተራራ ላይ ከወጣ ደግሞ ጭራሽ ስልክ አይሠራም። ሞተሩ እዚያ ቢነክስ ያ የሚያለቅስ ሕፃን በዚያ ብርድ ሊያድር ነው። የባሰው ግን ከሳነቴ ወዲያ ያለው ነው፤ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጁሀራ ከዚህ በላይ ማሰብ አልፈለገችም። ዘይት የሞላ ጀሪካን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች።

«ሁንዴ! ኮቱ!»

ባጃጅ ነጂው ሁንዴ እንድትቆም እንኳ ሳይጠብቅ አዙሮ መጣላት። «አዴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጎባ። የምትችለውን ያህል ንዳ።»

ባጃጅ የምትችለው ያን ያህል ነው። ግራና ቀኝ የታጨደ ስንዴ፣ የጋሪ ፈረሶች፣ እህል የጫኑ አይሱዙዎች ያልፋሉ። ጁሀራ ጀሪካኑን እንደ ልጅ አቅፋ አንገቷን አውጥታ አስፋልቱን ታያለች። ከሮቤ እንደወጡ ምንም የለም። ቀጥሎ ግን አንዲት የዘይት ጠብታ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለች።

«አቁም!»

ወርዳ በጣቷ ነካችው። እንደ ማር የጠራ፣ አዲስ ዘይት። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ ነጠብጣቡ እየተቀራረበ ሄደ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» የሚለው የእሷ ድምፅ ብቻ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይሰማል።

ጎባ መናኸሪያ ሚኒባሷ የለችም። «አሁን ወጣ፣ ወደ ላይ» አላት አንድ ወያላ። ሁንዴ ዳገቱን አየ። «አዴ፣ ይህቺ ነገር ሳነቴ አትወጣም።»

«እስክትቆም ንዳት፤ ከቆመች በእግሬ እወጣለሁ።»

ቤቶቹ እያነሱ፣ ዳገቱ እየቆመ ሄደ። ባጃጇ አቃሰተች። አንድ መታጠፊያ አለፉ፣ ባዶ። ሌላም አለፉ። በሦስተኛው ላይ ሚኒባሷ መንገድ ዳር ቆማለች፤ ሞተሯ ጠፍቷል።

የማሜ ልማድ ነው። ሳነቴን ከመጀመሩ በፊት ሞተር አጥፍቶ ከተሳፋሪዎቹ ትልቁን ሰው ዱዓ ያስደርጋል። ያን ቀን ዕጣው የወደቀው በአንድ አረጋዊ ሼህ ላይ ነበር፤ ሼሁም ለመንገደኛው ጨርሰው ለታመመው፣ ለታሰረው፣ ለዝናቡ፣ ለከብቱ ይለምኑ ነበር።

«ሼህ፣ እርስዎ ሲጨርሱ እኛ ደርሰን እንመለስ ነበር» አለ አንድ ወጣት።

«አሚን በል፣ አንተ!» አሉት።

ጁሀራ ማንንም ሳታናግር በጀርባዋ መሬት ላይ ተኝታ ከሥር ገባች። ቡሎኑን በጣቷ ያዘችው፤ ዞረ። በመጨረሻው ጥርሱ ነበር ተንጠልጥሎ የቀረው። ትኩስ ዘይት በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ክርኗ ወረደ። እንዳያመልጣት ተጠንቅቃ በጣቷ መለሰችው፤ ከዚያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ እስኪበቃው አጠበቀችው። ስትወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከብቧታል።

«ምንድን ነው?» አለ ማሜ።

ጓርኒሲዮን ተበልቶ ነው ብትለው ያምናት ነበር። «ቡሎኑ አልጠበቀም ነበር። ሳላይ ለቀቅኩህ» አለችው።

ማሜ መሬት ላይ የተንጠባጠበውን አየ፤ ዳገቱን አየ፤ ሕፃኑን የታቀፈችውን ሴት አየ። «ሰው ልትጨርሱ ነበር! ለሐጂ አሁኑኑ ነው የምነግረው!» አለና ከአንዱ ተሳፋሪ ስልክ ተቀብሎ ራቅ ብሎ ቆመ። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ጁሀራ የጎደለውን ዘይት ሞልታ መለኪያውን አየች። ደግማ አየች። ማሜ ሲመለስ ተሳፋሪው ተሯሩጦ ገባ። የመጨረሻው፣ መጽሐፍ በብብቱ የያዘው ሰው እግሩን ደረጃው ላይ ሲያደርግ ጠራችው። ይህን ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ቅድም በመስኮቱ በኩል የነበሩት እርስዎ ነዎት አይደል? የውሃውን ነገር አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ሐጂ ሁለቱንም ዛሬ ያባርሯቸዋል።» በዘይት የራሰ እጅጌዋን በሌላው እጇ ጨመቀችው። «እኔ ብናገር ለሠራተኞቿ ታዳላለች ይላሉ። እነሱም ቢሆኑ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ከመባባል በቀር ሌላ አይወጣቸውም። ደጀኔ ቁልፉን አስቀምጦ ምን ያደርግ እንደነበር ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለባልንጀራው ሶላት ብሎ እንደረሳው ከሰሙ ሐጂ ይራሩ ይሆናል።»

ማሜ ክላክሱን ነፋ።

«መንገድዎን ማስቀረቴ ነው፤ አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ስለ ፈጣሪ፣ ዛሬ ደሎ መና አይሂዱልኝ። ከእኔ ጋር በዚህች ባጃጅ ሮቤ ይመለሱና ያዩትን ለሐጂ ይንገሩልኝ።»